የቅኝት ተጓዦቹና እህቴ

ሐይቅ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን፣ እስረኛው ሲፈታ፣ የተሰደደው ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ አገሬን ዞሬ ልይ ሲል፣ ርእሰ መምህራችን ቢሮው አስጠርቶ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አስተዋወቀኝ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው። ጡረታው ግን ቤት አላስቀመጣቸውም። ከአንድ የጉዞ ድርጅት ጋር ሆነው፣ መማር የሚወዱ ጎልማሶችን በኮስትር ይዘው እየዞሩ መንገድ ላይ ያስተምራሉ።

«አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም መሆናቸውን ዘፈን የሚሰማ ሁሉ ያውቃል» አሉኝ። «አገሩን ረግጦ ያየው ግን ጥቂት ነው። ዜማውን እኔ አስረዳለሁ። አገሩን የሚያስረዳልኝ ሰው ነው የምፈልገው። እርስዎ ቢሆኑልኝስ፣ መምህርት?»

ያን ጊዜ ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ። አላገባሁም፤ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የማስተምራቸው ልጆች ዓይናቸው ከመስኮቱ አይነሳም። ለመማር ብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣ ትልቅ ሰው አለ ሲሉኝ ቀልድ ነበር የመሰለኝ። እሺ አልኳቸው።

መጡም። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ የባንክ ሰው ከነባለቤታቸው፣ ግድብ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው ነርስ፣ ሌሎችም። ኮስትሩ ከሐይቅ ተነስቶ ወደ ውጫሌ ሲያቀና ፕሮፌሰሩ ማይኩን ሰጡኝ። ስለ አምባሰል ገደሎች፣ በነዚህ አምባዎች ላይ ስለታሰሩት የነገሥታት ልጆች፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ስለሚሆኑ የወሎ ዘመዳሞች ነገርኳቸው። ሰዎቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። መሐንዲሱ እጃቸውን እንደ ተማሪ አውጥተው ጠየቁኝ። የባንኩ ሰውዬ ሚስት «እስቲ ይድገሙልን» አሉኝ። እኔን ሰው «ይድገሙልን» ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምኖረው ለሚቀጥለው ጉዞ ሆነ።

በየጊዜው መምጣት ቀጠሉ። ክረምት ሲወጣ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንዳንዴ ከኢድ ማግስት። መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር እንሄዳለን። ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት፣ ወንዶቹ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሲገቡ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ውጭ፣ ውኃው ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ይቀራሉ። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ይህን ሰዓት የባከነ ይለው ነበር። ለእኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የምወደው እሱ ነበር። ሴቶቹ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ ይመጣልናል፤ እኔ አወራለሁ። ከውስጥ ምን አለ፣ ምን ተጻፈበት፣ ማን ተማረበት። ሲስተር አንድ ቀን «ወንዶቹ ድንጋይ አይተው ሲመለሱ እኛ እኮ ታሪኩን ጨርሰነዋል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ፕሮፌሰሩም ሰሙና «መምህርት፣ ገዳሙን ከውጭ ሆነው ከእኔ በላይ ያሳያሉ» አሉኝ። ይህን አረፍተ ነገር ይዤ ስንት ሳምንት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እህቴ ከጅዳ የተመለሰችው በዚያ መሀል ነው። በዕድሜ ታንሰኛለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት እሷ ፓስፖርት አውጥታ ሄደች፤ ልጅነቷን ሰው ቤት አሳልፋ፣ ትልቅ ሴት ሆና መጣች። አረብኛው፣ ሳቁ፣ ሽቶው፣ የስልኩ ጥሪ፤ ቤታችን ጠበበ። ጎረቤት ሁሉ እሷን ለማየት ይመጣል። እናታችን ሶላቷን ጨርሳ እንኳ ከምንጣፉ ሳትነሳ «የት ሄደች?» ትላለች። እኔ የትም ሄጄ ስለማላውቅ የት ሄደች ተብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ለጉዞ ስዘጋጅ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔም ልምጣ?»

«ምን ታደርጊያለሽ? ስለ ታሪክ ነው የምናወራው።»

«ቤት ውስጥ ተቀምጬ ላብድ ነው ወላሂ። ዝም ብዬ እከተላችኋለሁ።»

እናታችን ከውስጥ «ውሰጃት እንጂ! ምን አለበት?» አለች። ወሰድኳት።

ከሾላው ሥር ተቀመጥን። ወንዶቹ ገብተዋል። እኔ የምናገረውን ጀምሬ ገና ከግማሽ ሳልደርስ፣ እህቴ ትንሽ ራቅ ብላ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ማንጎራጎር ጀመረች። መጀመሪያ ማንም ልብ አላላትም። ቀስ በቀስ ግን ሴቶቹ አንገታቸውን ወደሷ አዞሩ። እኔም አቆምኩ፤ ምን ላድርግ? ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከሆድዋ ነው የሚወጣው። በልጅነታችን ስትዘፍን እናታችን ትቆጣት ስለነበር በረት ሄዳ ነበር የምትዘፍነው። ሰው አገር ሳለች ደግሞ ልብስ ስትተኩስ፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ ለራሷ። አሁን ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች ትለው ነበር፤

አምባሰል ላይ ሆኜ ብጣራ ብጣራ፣
የራሴን ድምፅ ብቻ መለሰው ተራራ።

የባንኩ ሰውዬ ሚስት እንባቸውን ጠረጉ። ሲስተር ተነስተው ከጎኗ ተቀመጡ። አንድ በአንድ ሁሉም ሄዱ። እኔ የተጠበሰው ዓሣ ፊት ብቻዬን ቀረሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር። ወንዶቹ ከገዳሙ ሲመለሱ ግን ፕሮፌሰሩ በሩቁ ድምፅዋን ሰምተው ቆሙ። እጃቸውን አንስተው የተከተሏቸውን ሁሉ አስቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው፣ በየጉዞው የማይለያቸውን ክራር ከማኅደሩ አውጥተው፣ ክሮቹን እየጠመዘዙ ከሷ ድምፅ ጋር አስማሙት።

«ይኸው» አሉ ወደ ተጓዦቹ ዞረው። «ስነግራችሁ የነበረው ይህ ነው። አምባሰል ቅኝት ማለት ይህ ነው። ይህቺን ልጅ ማን አስተማራት?»

«ማንም» አለች እህቴ እየሳቀች።

«እንደገና በይው ልጄ። እንደገና በይው እስቲ።»

ልጄ። ስንት ጊዜ አብሬያቸው ተጉዤ፣ ስንት ጊዜ ከምሳዬ አካፍያቸው፣ እኔን የሚሉኝ «እርስዎ» እና «መምህርት» ነው። እሷ ግን በተዋወቁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንቺ ሆነች፤ ልጄ ሆነች። ክብር ነው የሰጡኝ፤ አውቃለሁ። ግን ክብር ሩቅ ነው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ አይደርስበትም። የዚያን ቀን ወደ ውጫሌ ስንሄድ ከፕሮፌሰሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ፣ እሷ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ትመጪያለሽ እዚህ?» ብላኝ ነበር። «አይ፣ ኋላ ይሻለኛል» አልኳት። ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የሁለቱን ጭንቅላት እያየሁ ሄድኩ። ማይኩን ሲሰጡኝ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ተናግሬ መለስኩላቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተጓዥ ሁሉ ገና ከኮስትሩ ሳይወርድ «ዘፋኟ የታለች?» ይል ጀመር። ስልክ የሚደወለው ለሷ ነው። ፎቶ የሚላከው ለሷ ነው። ሲስተር ለበዓል ቀሚስ ላኩላት፤ ለእኔ መጽሐፍ። መጽሐፉ ጥሩ ነበር፤ አነበብኩት፤ ግን ቀሚሱ ላይ ነበር ዓይኔ። እህቴ ደግ ሰው ስለሆነች አንድም ቀን አልኮራችብኝም። ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ብትኮራብኝ እጠላት ነበር፤ እፎይ እል ነበር። እሷ ግን ማታ ቁጭ ብላ «ስለ ውጫሌ የተናገርሽውን ሰዎቹ እንዴት እንደወደዱት!» ትለኛለች። ያዘነችልኝ ይመስለኝና ይብስ እናደዳለሁ።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ደወሉ። ከዚህ በፊት አብረዋቸው የተጓዙትን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ሊሰበስቡ ነው፤ እህቴ መጥታ እንድትዘፍንላቸው፣ ከፈለገችም እዚያው ቀርታ ሙዚቃ እንድትማር ጠየቁ። እናታችን ተቆጣች።

«በሰው ፊት ዘፈን? አላህ ይጠብቀን! መንዙማ ቢሆን እሺ። ደግሞ ገና መምጣቷ ነው!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ ታላቋ። የተማርሽውም አንቺ ነሽ። አንቺ አትሂድ ካልሽ አትሄድም፤ ሂጂ ካልሽም ትሄዳለች።»

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗን አየሁት፤ ልጅ ሆና በረት ሄዳ ስትዘፍን ደርሼባት «አትንገሪብኝ» ስትለኝ የነበረው ዓይን ነው። አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር። «አትሂድ» ብል ሁሉም ይገባው ነበር፤ ፕሮፌሰሩም ቢሆኑ። ወንበሬ ይመለስልኝ ነበር።

«ትሂድ» አልኩ። «እማ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ትሂድ።»

እህቴ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለፍቅር ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። ቅናቴ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው። ታላቅነቴን ማንም እንዲጠረጥርብኝ አልፈለግኩም። ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ጉዞው ሲመጣ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ከተጓዦቹ ጋር ተሳፍራ ትመጣለች፤ እንደ እንግዳ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ሰሜን፣ ሬዲዮ ውስጥ። ጉዞው ቆመ። ከዚያ በራያ በኩል፣ በወልዲያ በኩል፣ ፍራሽ በራሱ የተሸከመ ሰው፣ ፍየሉን የሚጎትት ሰው በከተማችን ማለፍ ጀመረ። እህቴ በየሰዓቱ ትደውላለች። «ኑ! እማን ይዘሽ ነይ! ሲስተር ቤት ክፍል አለ፤ ለሁለታችሁም ይበቃል።» እናቴ ግን ስኳር በሽታ አለባት፤ እግሯ ያብጣል። መኪና ሁሉ ሞልቷል። ከባድ መሣሪያ ከውጫሌ አቅጣጫ መሰማት በጀመረበት ጠዋት ሰዉ ወደ ደሴ ሲሮጥ እኛ ወደ ተራራው ሄድን፤ አምባሰል ውስጥ፣ ከመንገድ ርቆ፣ አጎቴ የሚያርስበት ቀበሌ አለ። እናቴን በቅሎ ላይ አስቀምጠን፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኳት። ስልኩ እዚያው መንገድ ላይ ተቋረጠ። መብራትም የለም፣ ኔትወርክም የለም።

ስንት ሳምንት እንደነበርን አሁን ቁጥሩ ይምታታብኛል። የእናቴ ኪኒን አለቀ። አብሽ እየነከርኩ ውኃውን ጠዋት ጠዋት አጠጣታለሁ፤ ይረዳ አይርዳ አላውቅም። ከምንጭ ውኃ እቀዳለሁ፤ ቆሎ እቆላለሁ። ታጣቂዎች መጡ ሲባል ገደሉ ውስጥ ወዳለው ዋሻ እንወርዳለን። ለተጓዦች በማይክ አወራው የነበረ ገደል ነው፤ አንድም ቀን ወርጄበት ግን አላውቅም ነበር። እናቴ እዚያ ሆና የምትጠራው እህቴን ነው። «ምን ሆና ይሆን? ማን ነግሯት ይሆን? በልታ ይሆን?» እሷ አዲስ አበባ፣ መብራት ያለበት ቤት፣ አልጋ ላይ ናት፤ ያልበላነው እኛ ነን። በጥይት ድምፅ መሀል ሰው ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይቀናል።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ሐይቅ ወረድን። ቤታችን በሩ ተሰብሯል፤ ዕቃው የለም። ትምህርት ቤቱም መስኮት አልቀረለትም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አንድ ሚኒባስ ደጃፋችን ላይ ቆመ። እህቴ ናት። ከኋላዋ ሲስተር፣ ከነመድኃኒታቸው ሣጥን። ከተጓዦቹ ያሰባሰቡትን ዱቄትና ብርድ ልብስ ጭነው፣ ተፈትሸው ተፈትሸው ነው የመጡት። ሲስተር ወዲያው እናቴን አስተኝተው ስኳሯን ለኩ፤ እግሯን አጠቡ፤ «እግዜር ነው ያተረፋት፣ ደግሞም አንቺ» አሉኝ። እሳቸው ያን ቀን አንቺ አሉኝ፤ ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ምክንያቱም እናቴን ነበር የማያት። እህቴን ስታይ አለቀሰች። እኔ ጋ በነበረችባቸው ሳምንታት ሁሉ፣ ዋሻው ውስጥ እንኳ፣ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። አሁን ግን እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥታ፣ የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። የተሰበረውን አጥር ስጠግን ዋልኩ።

ሰላም ተፈረመ ከተባለ በኋላ፣ ነገሩ ትንሽ ሲረጋ፣ ፕሮፌሰሩ መጡ። ጥቂት ሰው ብቻ ይዘው፤ ብዙዎቹ የድሮዎቹ ናቸው። መሐንዲሱ አልነበሩም፤ አርፈዋል አሉን። ፕሮፌሰሩ አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እህቴም አብራ መጣች። ከመድረሳቸው በፊት ዘፈንም ትምህርትም እንደማይፈልጉ፣ ያን ጊዜ የነበርንበትን ማየት እንደሚፈልጉ በስልክ ነግረውኝ ነበር። እስከ አጎቴ ቤት ወሰድኳቸው። ሁሉም ወደ ዋሻው መውረድ አልቻሉም፤ ከላይ ሆነው አዩት። ምንም የተዘጋጀ ነገር አልተናገርኩም። ምንጩ ያ ነው፤ እማ የተኛችው እዚያ ነው፤ ቆሎ የቆላሁት እዚህ ነው፤ ይኸው ነው። ዘፈን አልተጠየቀም፤ እህቴም አልዘፈነችም። ከሁሉ ኋላ ቆማ ነበር።

ማታውን ቤት ሆነን እራት ስንበላ እናቴ የበቅሎዋን ነገር አነሳች። በቅሎዋ ዳገቱ ላይ እንቢ ብላ ስትቆም፣ እኔ የታሪክ አስተማሪዋ፣ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ስለምናት። «ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መሰለቻት እኮ! ‹እባክሽ ተራመጂ፣ ጎበዝ› ትላታለች!» እናቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አጎቴ ስለደበቀው ማር፣ ዋሻው ውስጥ ስላስነጠሰን በርበሬ። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ትጨርሳለች። እህቴ ከፊታችን ተቀምጣ አንዴ እናታችንን አንዴ እኔን ታያለች። ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ዞሪ እስቲ።»

ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ እኔ አንድም ቀን ከእማ ጋር እንዲህ የሳቅኩበትን አላስታውስም። ጅዳ ነበርኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ያኔ እኔም ከእናንተ ጋር መሆን ነበረብኝ።»

«አብደሻል? ምን አምሮሽ? ረሃቡ ነው? ዋሻው?»

«ይሁን። ቀንቼብሻለሁ ወላሂ። ስታወሩ የምገባበት አጣሁ።»

ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልናገር። ደስ አለኝ። መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው፤ ኀዘኔታው ቆይቶ ነው የመጣው። የሾላው ሥር፣ ወንበሩ፣ ቀሚሱ፣ የእናቴ እንባ፤ ያ ሁሉ ዓመት እኔ ቆሜበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን እሷ ቆማ አየኋት። ከዚያ ነው እህቴ መሆኗ የታየኝ። እጇ ሳሙና እንደሆነ አቀፍኳት። የቀናሁባትን አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ብነግራት የሷን ተራ የምቀማት መሰለኝ።

«ንገሪኝ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሁሉንም።»

እዚያው ማድ ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ከቤት የወጣንበትን ጠዋት፣ መንገዱን፣ ምንጩን፣ የአብሹን ውኃ፣ እናታችን የሷን ስም እየጠራች ስትጨነቅ የዋለችባቸውን ቀኖች። ይህን ስነግራት አለቀሰች፤ ደጋግማ አስነገረችኝ። የምትጠይቀኝን ሁሉ መለስኩላት።

አንድ ነገር ብቻ ለራሴ አስቀረሁ። ዋሻው ውስጥ አንድ ንጋት፣ ለሱብሂ ሶላት እናታችን ተቀምጣ ስታደርግ የነበረውን ዱዓ ሰምቻለሁ። የተኛሁ መስሏት ነበር። በሹክሹክታ ሰው በሰው እየጠራች ስትለምን፣ ሟች አባታችንን፣ አጎቴን፣ እህቴን ከመጥራቷ በፊት፣ መጀመሪያ የጠራችው የእኔን ስም ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እስክትጨርስ ሰማኋት። ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም።

በማግስቱ ተጓዦቹ ወደ ባቲ ቀጠሉ፤ እሷም አብራቸው ሄደች። እኔ የማስተምረው ክፍል ነበረኝ።